ዴንማርካዊው ራስሙሰንና ሰማያዊው ጭስ

ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል። እኔ ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ግን ስለ መውጫው ሳይሆን ስለ መነሻው ነው። አንዳንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሲነሳ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀ፣ ሰፈሩን በተቃጠለ ዘይት ሽታ እያጠነ ሲያልፍ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ድምፁም ከሌላው ይለያል፤ ቀጠን ብሎ ይንጣጣል። ያ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው፤ መካኒኮቻችን ቱ ስትሮክ የሚሉት። ብዙ ሰው ጭሱን ሲያይ ሞተሩ ያለቀለት ይመስለዋል። ለነገሩ አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ጭሱ የእርጅና ምልክት አይደለም፤ ከሞተሩ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ሞተሩን የፈጠረው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ዱጋልድ ክለርክና እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ መሠረቱን ጥለዋል። ከወርክሾፕ አውጥቶ፣ በብዛት አምርቶ፣ የተራው ሠራተኛ ደጃፍ ላይ ያቆመው ግን ሌላ ሰው ነው። ስሙ ዮርገን ስካፍተ ራስሙሰን ይባላል። የአውዲን አራት ቀለበት የማያውቅ ሰው የለም መቼም። አራቱ ቀለበቶች አራት ፋብሪካዎችን ነው የሚወክሉት። ከአራቱ ሁለቱ፣ ዲኬደብሊው እና አውዲ፣ ወደ ኅብረቱ የገቡት በዚህ ሰው እጅ ነው። ቀለበቶቹን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰውየውን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? የዛሬው ጨዋታዬ ስለ እሱ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ከደሴት ወደ ሳክሶኒ

ራስሙሰን ሐምሌ 30 ቀን 1878 ናክስኮቭ በምትባል ትንሽ የዴንማርክ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ሎላንድ በተሰኘች ደሴት ላይ ነው ያለችው። ልጁ ብረታ ብረትና ማሽን ይወድ ነበርና ለትምህርት ያቀናው ወደ ጀርመን፣ ወደ ሳክሶኒ ግዛት ነው። በዚያን ጊዜ ሳክሶኒ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ እንደ ደን የበቀለባት አገር ነበረች። ጨርቁም፣ ማሽኑም፣ መሣሪያውም እዚያ ይመረታል። በሚትቫይዳ ከዚያም በዝቪካው ምሕንድስና ተማረ።

ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ሳለ ኬምኒትዝ ከተማ ውስጥ ከአንድ ሸሪክ ጋር ትንሽ ድርጅት ከፈተ። ሥራቸው ለእንፋሎት ማሞቂያዎች የሚሆኑ ዕቃዎችን መሥራትና መሸጥ ነበር። በ1906 ደግሞ ቾፓው በምትባል የተራራ ከተማ ባዶውን የቆመ የጨርቅ ፋብሪካ ገዛ። ይቺን ከተማ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ላይ የዓለም የሞተር ሳይክል መዲና የምትሆነው እሷ ናት።

ራስሙሰን ራሱ ታላቅ ፈልሳፊ አልነበረም። እኔ ሕይወቱን ሳነብ የገረመኝም ይኸው ነው። ትልቁ ችሎታው ሰው መምረጥ ነበር። የሌላ ሰው ሐሳብ ሲያይ ዋጋውን ቶሎ ይገምታል፤ ያመነበትን ሰው ይቀጥራል፣ ገንዘብ ያወጣል፣ ካልሆነም ሳያቅማማ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ሰው በታሪክ መጽሐፍ ጥግ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ምክንያቱም ፎቶው ሥር የሚጻፈው የፈልሳፊው ስም ነው።

ሦስት ፊደል፣ ሦስት ትርጉም

አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ቤንዚን ጠፋ። ራስሙሰን በ1916 ማቲሰን ከተባለ የአገሩ ልጅ መሐንዲስ ጋር ሆኖ በእንፋሎት የሚሄድ መኪና ለመሥራት ሞከረ። በጀርመንኛ የእንፋሎት ኃይል መኪና ለማለት የሚጻፉት ሦስት ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ሲገጣጠሙ ዲኬደብሊው ይሆናሉ። መኪናው አልሰመረም። ጦርነቱ ሲያልቅ ፈላጊም አጣ። ሦስቱ ፊደላት ግን ቀሩ።

ከጦርነቱ በኋላ ሁጎ ሩፐ የሚባል መሐንዲስ አንዲት ትንሽ ባለ ሁለት ምት ሞተር ይዞ መጣ። እውነተኛ ቤንዚን የምትጠጣ፣ እውነተኛ ፒስተን ያላት፣ ግን የልጅ መጫወቻ የሆነች ሞተር! ራስሙሰን ፊደሎቹን አልቀየረም፤ ትርጉማቸውን ቀየረ። አሁን የሚነበቡት የልጅ ምኞት ተብለው ሆነ። ቀጥሎ ያቺው ሞተር አደገችና ተራ ብስክሌት ላይ የምትገጠም ሆነች። ፔዳል ሲረግጥ የኖረ ሠራተኛ ዳገቱን በሞተር ይወጣው ጀመር። ፊደሎቹም ለሦስተኛ ጊዜ ትርጉም ተሰጣቸው፤ ትንሹ ተአምር ተባሉ። አንድ ስም ሦስት ጊዜ ሰው ሆኖ ሲወለድ ማየት ማለት ይሄ ነው።

በ1922 ብስክሌት ላይ መለጠፉ ቀርቶ ሙሉ ሞተር ሳይክል መሥራት ተጀመረ። ያኔ ጀርመን በዋጋ ንረት እየተናጠች ነበር። ሰዉ መኪና ለመግዛት አቅም አልነበረውም። ራስሙሰንና የሽያጭ ሰዉ ካርል ሃን ሞተር ሳይክሉን በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ማቅረብ ጀመሩ። በ1928 ደግሞ የጀርመን መንግሥት እስከ 200 ሲሲ የሆኑ ሞተር ሳይክሎች ያለ መንጃ ፈቃድና ያለ ግብር እንዲነዱ ፈቀደ። ቾፓው ለዚያ ልክ የሚሆን ሞተር ሳይክል ነበራት። በዚያው ዓመት ዲኬደብሊው የዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል አምራች ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የተመረተው ወደ 60 ሺህ ይጠጋል።

ዘይቱ ለምን ይቃጠላል?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበልና ወደ ጭሱ ልመለስ። ሰውየውን ለመረዳት ሞተሩን መረዳት ያስፈልጋል።

አብዛኛው የዛሬ መኪና ባለ አራት ምት ሞተር ነው ያለው። ዘይቱ ከታች በገንዳ ይጠራቀማል፤ ፓምፕ ያዞረዋል፤ ዘይቱ ብረቱን አለስልሶ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይወርዳል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ይህ ገንዳ የለውም። ሊኖረውም አይችልም። ምክንያቱም ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ባለው ክፍት ቦታ፣ ክራንኩ በሚሽከረከርበት ጓዳ ውስጥ፣ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወርድ ያንኑ ጨቁኖ በጎን ቀዳዳዎች ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ጓዳው የነዳጅ መተላለፊያ ሆነ ማለት ነው። መተላለፊያ ላይ ዘይት ማጠራቀም አይቻልም። ስለዚህ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ክራንኩንና ሲሊንደሩን እያለሰለሰ ያልፋል፤ በመጨረሻም አብሮ ይቃጠላል። ሙሉ በሙሉ ያልተቃጠለው ደግሞ በማርሚታው በኩል ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቫልቭ የለም፣ የዘይት ገንዳ የለም፣ የሚንቀሳቀሰው ክፍል ፒስተን፣ ማገናኛ ዘንግና ክራንክ ብቻ ነው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ መንደር ውስጥ ያለ ባለሙያም ይጠግነዋል። በእያንዳንዱ የክራንክ ዙር አንዴ ስለሚያቀጣጥል ትንሽ ሆኖ ጉልበት አለው። ጉዳቱም ግልጽ ነው። የተቃጠለው ጋዝ በሚወጣበት ሰዓት አዲሱ ነዳጅ እየገባ ስለሆነ ከአዲሱም አብሮ ያመልጣል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ከጠጡት ቤንዚን ሩቡ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሳይቃጠል ይወጣ ነበር። ርካሽ ነገር ዋጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ አንድ ሰው ሌላ ቦታ ይከፍለዋል። እዚህ ላይ የሚከፍለው ከኋላ የሚሄደውና በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው ሳንባ ነው።

የራስሙሰን ዘመን ሞተሮች በተለምዶ ለ25 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት ይጠይቁ ነበር። በሊትር 40 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። እኛም አገር ቬስፓ የነዱ አባቶች ይህን ያውቁታል። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን በትንሽ ቆርቆሮ ዘይት ለክቶ፣ ታንኩ ውስጥ ጨምሮ፣ ቬስፓውን ግራና ቀኝ ሲወዘውዝ አይ ነበር። ለምን እንደሚወዘውዘው የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ካልተዋሃደ ዘይቱ ከታች ይዘቅጥና ሞተሩ መጀመሪያ ዘይት ብቻ፣ ቀጥሎ ደግሞ ደረቅ ቤንዚን ይጠጣል። የመጀመሪያው ያጨሳል፤ ሁለተኛው ይገድላል።

በአራት ቀለበት መታሰር

ወደ ሰውየው ልመለስ። ራስሙሰን አንድ ፋብሪካ የሚበቃው ሰው አልነበረም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ግማሹን ሳክሶኒ የገዛ ይመስል ነበር። ሻርፈንሽታይን በተባለ ቦታ ማቀዝቀዣ ፍሪጅ የሚሠራ ፋብሪካ አቋቋመ። ፍራሞ የሚባል ባለ ሦስት ጎማ ትንሽ የጭነት ተሽከርካሪ ማምረት ጀመረ። ዛሬ ባለ ሦስት ጎማ ዕቃ ጫኝ በየከተማችን ሲያልፍ የምናይ ሰዎች አያቱን ብንጠይቅ ከፍራሞ ዘመዶች ጋር ያገናኘናል። በ1928 የመጀመሪያውን ዲኬደብሊው መኪና አወጣ። በዚያው ዓመት የአውዲን ፋብሪካ አብዛኛውን ድርሻ ገዛ። ከአሜሪካም ሪከንባከር የተባለ የከሰረ ኩባንያ የሞተር ማምረቻ ማሽኖች ገዝቶ አስመጣ።

ይህ ሁሉ በምን ገንዘብ? በብድር ነዋ! ትልቁ አበዳሪ የሳክሶኒ መንግሥት ባንክ ነበር። በ1929 መገባደጃ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ የዓለም ኢኮኖሚ አብሮ ወደቀ። ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው ቀነሰ፤ ዕዳው ግን አልቀነሰም።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ ነው ከሕይወቱ ትልልቅ ሥራዎች አንዱን የሠራው። በ1930 መጨረሻ ለአውዲ መሐንዲሶች ትእዛዝ ሰጠ፤ የሞተር ሳይክሉን ባለ ሁለት ምት ሞተር የያዘ፣ የፊት ጎማው የሚጎትት ትንሽ መኪና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንዲሠሩ። ሠሩት። ኤፍ 1 የተባለው ይህ መኪና በ1931 መጀመሪያ በበርሊን አውደ ርዕይ ታየ። ዛሬ አብዛኛው ትንሽ መኪና የፊት ጎማው የሚጎትት ነው፤ ያኔ ግን ነገሩ ብርቅ ነበር።

ባንኩ ግን ገንዘቡን ፈለገ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ የተቸገሩትን ፋብሪካዎች አንድ ላይ ማሰር መፍትሔ ተባለ። በ1932 ዲኬደብሊው፣ አውዲ፣ ሆርሽ እና ቫንደረር ተዋሕደው አውቶ ዩኒየን ተመሠረተ። አራቱ ቀለበቶች የተሳሰሩት ያኔ ነው። ከድሩ ውስጥ የታሰረው አንበሳ ግን ራሱ ራስሙሰን ሆነ። ትልቁን ድርሻ የያዘው ባንኩ ነበር። ራስሙሰን በአመራር ቦርዱ ውስጥ ቢገባም እንደ ለመደው ብቻውን መወሰን አልቻለም። ከባንክ ሰዎቹ ጋር ተጋጨ፤ በ1934 መጨረሻም ከቦርዱ ተሰናበተ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ አይደል? ፋብሪካውን ከባዶ ያቆመው ሰው ከፋብሪካው በር ውጭ ቀረ። ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩ በ1938 በስምምነት ተዘጋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዝለል አልፈልግም። አውቶ ዩኒየን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የማጎሪያ ካምፕ እስረኞችን በግዳጅ አሠርቷል፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ሞተዋል። ራስሙሰን በዚያን ጊዜ ከኩባንያው ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። ሆኖም የቀለበቶቹን ታሪክ ሲያወሩ ድሉን ብቻ አውርቶ ይህን መተው ልክ አይመስለኝም።

ጠፍጣፋው ፒስተን

ራስሙሰን ከመባረሩ በፊት ለሞተሩ አንድ ትልቅ ውለታ ውሎለት ሄደ። የድሮዎቹ ፒስተኖች አናታቸው ላይ ጉብታ ነበራቸው። የሚገባው ነዳጅ በቀጥታ ወደ መውጫው እንዳይሄድ ጉብታው ወደ ላይ ይመልሰዋል። ግን ያ ጉብታ ከባድ ነው፣ በጣምም ይግላል። አዶልፍ ሽኑርለ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ሌላ ዘዴ አገኘ። መግቢያ ቀዳዳዎቹን በግራና በቀኝ አድርጎ አዘንብሎ ቀደዳቸው። ነዳጁ ከመውጫው ተቃራኒ ያለውን ግድግዳ መትቶ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ዞሮ የተቃጠለውን ጋዝ ገፍቶ ያስወጣል። ጉብታው ቀረ፤ ፒስተኑ ጠፍጣፋና ቀላል ሆነ። ዲኬደብሊው ይህን ዘዴ በቤንዚን ሞተር ላይ የመጠቀም መብት በ1932 ያዘ። ነዳጅ ቆጠበ፣ ሙቀት ቀነሰ፣ ጉልበት ጨመረ። ጭሱን ግን አላጠፋም፤ ዘይቱ አሁንም ከቤንዚን ጋር ነበርና።

ከዚህ የተነሳ ሌላም ችግር ነበር። ዘይት የሚመጣው ከቤንዚን ጋር ከሆነ፣ ቁልቁለት ላይ ጋዙን ዘግታችሁ ሞተሩ በጎማው ግፊት በፍጥነት ሲዞር ምን ይሆናል? ቤንዚን አይገባም፤ ስለዚህ ዘይትም አይገባም። ሞተሩ በጣም በሚዞርበት ሰዓት በጣም ይጠማል። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ጎማው ቀጥ ሊል ይችላል። በሞተር ሳይክል ላይ ይህ ማለት መውደቅ ነው። የዲኬደብሊው መኪኖች እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቅ ዘዴ የነበራቸው አንዱም ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ውርስና መመለስ

ከተባረረ በኋላ ራስሙሰን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ፍራሞን ይዞ ቀጠለ። ጦርነቱ አለቀ፤ ሳክሶኒ በሶቪየት ኅብረት እጅ ወደቀች። የቀረው ፋብሪካም ንብረትም ተወረሰ። መጀመሪያ ባንክ፣ ቀጥሎ መንግሥት፤ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ቀረ። በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ዕድሜው ወደ 70 ሲደርስ፣ በወጣትነቱ ወደ ተዋት ዴንማርክ ተመለሰ። እዚያም ዲሳ ከሚባል ድርጅት ጋር ሞተር ሳይክል መሥራት ጀመረ። አመል ያለቦታው አይቀርም መሰለኝ።

እሱ ኮፐንሃገን ተቀምጦ ሳለ የቾፓው ሞተር ዓለምን መዞር ጀመረ። ከጦርነቱ ዋዜማ ሄርማን ቬበር የተባለው የቾፓው መሐንዲስ አርቲ 125 የሚባል ቀላል ሞተር ሳይክል ሠርቶ ነበር። ጀርመን ስትሸነፍ ንድፉ የአሸናፊዎች ሲሳይ ሆነ። እንግሊዞች ቢኤስኤ ባንታም ብለው፣ አሜሪካኖች በሃርሊ ዴቪድሰን ስም፣ ሶቪየቶች ሞስክቫ ብለው አወጡት። ጃፓንም አልቀረችም፤ ያማሃ በ1955 ያወጣው የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉ ዋይኤ 1 የዚሁ ቅጂ ነው። ንድፉን የሠራው ቬበር ራሱ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወስዶ በ1948 እዚያው ሞተ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉታል እንዲህ ያለውን።

በቾፓው የቀረው ፋብሪካ ደግሞ በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት እጅ ኤምዜድ ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል ሲያመርት ኖረ።

ዘይቱ ሲለያይ

አሁን የታሪኩ ማሰሪያ ላይ ደረስን። በምዕራብ ጀርመን እንደገና የተቋቋመው አውቶ ዩኒየን በ1961 ለዲኬደብሊው መኪኖች ዘይቱን ከቤንዚን የሚለይ ዘዴ አወጣ። ዘይቱ የራሱ ማጠራቀሚያ አለው፤ ፓምፕ እየለካ ለሞተሩ ይሰጠዋል። ባለ መኪናው መለካትና መወዝወዝ ቀረለት። ከዚያ የ1962 መገባደጃና የ1963 መጀመሪያ ክረምት መጣ፤ አውሮፓ ለረጅም ጊዜ ያላየችው ብርድ ነበር። ዘይቱ ወፈረ፣ እንደ ልብ መፍሰስ አቃተው፣ ብዙ ሞተሮች ደርቀው ተጣበቁ። የሞተሩ ስም ያኔ ክፉኛ ተጎዳ።

ጃፓኖቹ ግን ተሳካላቸው። በ1964 ያማሃ ዋይኤ 6 በተባለው 125 ሲሲ ሞተር ሳይክሉ ላይ አውቶሉብ ብሎ የሰየመውን የዘይት ፓምፕ ገጠመ። ፓምፑ ከሞተሩ ፍጥነትና ከእጅ ጋዙ ጋር የተያያዘ ነው። ጋዝ ስትሰጡ ዘይት ይጨምራል፤ ስትቀንሱ ይቀንሳል። ሞተሩ ቆማችሁ በዝግታ ሲዞር ዘይቱ ጥቂት ጠብታ ነው፤ ስለዚህ ጭሱ ይቀንሳል። ቁልቁለት ላይ ጋዝ ሲዘጋም ፓምፑ ሞተሩ እስከ ዞረ ድረስ ጥቂት መስጠቱን አያቆምም። ከቾፓው የተቀዳው ሞተር ልጅ ልጅ የአያቱን ችግር ፈታ ማለት ነው።

ነሐሴ 12 ቀን 1964 ዮርገን ስካፍተ ራስሙሰን ኮፐንሃገን ውስጥ በ86 ዓመቱ አረፈ። አስቡት፤ ያማሃ ዘይቱን ከቤንዚን በለየበት በዚያው ዓመት። በዚያው ዓመት መጨረሻም ቮልክስቫገን አውቶ ዩኒየንን መግዛት ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው መኪና ባለ አራት ምት ሞተር ያለው ሲሆን፣ ስሙም አውዲ ተባለ። ዲኬደብሊው የሚለው ስም ከጭሱ ጋር እንዲረሳ ነበር የተፈለገው። ቀለበቶቹ ግን አሁንም አራት ናቸው።

ባለ ሁለት ምት ሞተርም ከዚያ በኋላ ዘመኑ እያጠረ ሄደ። አሜሪካ ከ1978 ጀምሮ በሞተር ሳይክል ጭስ ላይ ያወጣችው ገደብ ከመንገድ ላይ አብዛኞቹን አስወጣቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ ባለ ሁለት ምት ባለ ሦስት ጎማዎችን ከጎዳናዋ አገደች። ትክክል ነበሩ? እኔ አዎን እላለሁ። በጠባብ መንገድ ሺህ ሞተር ሲያጨስ ተበዳዩ መኪና የሌለው፣ በእግሩ የሚሄደው ሰው ነው። ግን ያው ሰው መጀመሪያ ከእግረኝነት የወጣው በዚህ ሞተር ነበር። ለዚህ ነው ጉዳዩን በአንድ ቃል ፈርጄ መተው የሚከብደኝ። የራስሙሰንን ስም ሳነሳ ውለታውንና ዕዳውን አብሬ ነው የማነሳው።

ጭሱን ማንበብ

አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላችሁ፣ ወይም ከአባታችሁ የወረሳችሁ ካላችሁ፣ ጭሱን እንደ ደብዳቤ ማንበብ ልመዱ። ብርድ ማለዳ ላይ ሲነሳ ነጭ እንፋሎት ቢያወጣ ውሃ ነው፤ አያስፈራም። ሰማያዊ ጭስ ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ ሲሞቅ ከሳሳ ጤነኛ ነው። ከሞቀ በኋላም ካልቀነሰ ግን ምክንያት አለው። ዘይት አብዝታችሁ ይሆናል። ለባለ አራት ምት የተሠራ ዘይት ጨምራችሁ ይሆናል፤ ያ ዘይት ለመቃጠል አልተሠራም፣ ካንዴላውንም ያቆሽሻል። በጃፓን ደረጃ ኤፍ.ሲ ወይም ኤፍ.ዲ የሚል የተጻፈበት የቱ ስትሮክ ዘይት ጭሱ ያነሰ ነው። ወይም ደግሞ በክራንኩ ጎን ያለው ፓራዮሊ አልቆ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣ ይሆናል፤ የካምቢዮው ዘይት እየጎደለ ጭሱ ከበዛ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ፓምፕ ያለው ከሆነ ለወራት ቆሞ ሲነሳ ሰፈሩን በጭስ ሊሞላው ይችላል። የዘይቱ መመለሻ ከልካይ ቫልቭ በደንብ ካልዘጋ፣ ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ክራንኩ ጓዳ ይወርዳልና ነው። የፓምፑ ገመድ ልኩን ስቶ እንደሆነም ማሳየት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። ሁልጊዜ ትንሽ ሲያጨስ የኖረ ሞተር ድንገት ጭሱ ጭራሽ ቢጠፋ ደስ አይበላችሁ። ወዲያው አቁሙና የዘይት ታንኩን እዩ። ዘይቱ አልቆ፣ ወይም ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሞተር የሞተው በጭስ አይደለም፤ ባለቤቱ ጭሱ ቆመልኝ ብሎ ደስ ባለው ቀን ነው።

የራስሙሰንን ሕይወት ሳስብ የምወስደው ትምህርት ቀላል ነው። ሰው የሠራው ነገር ከእጁ ሊወጣ ይችላል፤ በባንክ፣ በጦርነት፣ በሌላ አገር ፋብሪካ። ጥሩ ሐሳብ ከሆነ ግን ከባለቤቱ ርቆም መሥራቱን ይቀጥላል፤ ጉድለቱንም የሚያርም አንድ ቀን ይመጣል። ቾፓው የጀመረችውን የጃፓኗ ከተማ ጨረሰችው። ስሙ በአርማው ላይ ባይጻፍም፣ የመጀመሪያውን ፔዳል ያሳረፈ ሰው እንደነበረ ማስታወሱ ለእኛ የሚከብድ አይደለም።

ቸር እንሰንብት።